ሠላሳ አንድ ላይ የቆመው ቆጠራ

ሰው በአፉ ይሞታል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ ግን ሞክሬዋለሁ። ሙከራው የተካሄደው አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ ቁልቁል ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር በሚያስኬድ አንድ የቆላ መንደር፣ የማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ምስክሮቼ አራት ሰዎችና አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ናቸው። ዶሮው ዛሬ በሕይወት የለም። ነፍሱን ይማር እንዳልል ቄሶቹ ይቆጡኛል እንጂ ከልቤ ነበር የምለው።

በመጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ የሠራሁት ጅልነት በደንብ አይገባችሁም። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከመምህራን ኮሌጅ ዲፕሎማዬን ይዤ ወጥቼ ባዮሎጂ እንዳስተምር ተመድቤያለሁ። ሸሚዜ ኪስ ላይ ሁለት እስክሪብቶ እሰካለሁ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ። ቀዩ ይጽፍ አይጽፍ እንደሆነ እንኳ አላስታውስም፤ ለማስፈራሪያ ነበር።

የምኮራባቸው ነገሮች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ትንፋሼ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ሐይቅ ከተማ፣ ከውሃው ዳር ነው። ልጆች ሆነን ከታንኳ ላይ ዘለን እየጠለቅን ማን ብዙ እንደሚቆይ እንወዳደር ነበር። እኔ ውሃ ውስጥ ስቆይ ሌሎቹ ከላይ መቶ ድረስ ይቆጥሩልኝ ነበር። ስለዚህም “አምባዛው” ይሉኛል። አምባዛ የተባለው ዓሣ ውሃው ሲበላሽበት ብቅ ብሎ አየር የሚጎነጭ ብልህ ፍጥረት መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስሙን ወስጄ ብልሃቱን ትቼለት ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ኩራቴ ጥያቄ አለማሳለፌ ነው። ማንም፣ ምንም፣ መቼም ቢጠይቀኝ መልስ አለኝ። ካላወቅሁት እፈጥረዋለሁ። ተማሪ ፊት “አላውቅም” ያለ መምህር ጠመኔውን አስረክቦ ይሂድ የሚል ሃሳብ ከየት እንደሆነ እንጃ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሞኝም ነበርኩ፣ ወረቀትም ይዤ ነበር።

የተከራየሁት አያ ተገኘ ከሚባሉ ገበሬ ግቢ ነው። አያ ተገኘ በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ ነበሩ። ትምህርቱን ለእርሻ ብለው ቢተዉትም ትምህርቱ እሳቸውን አልተዋቸውም፤ በሬ ሲጠምዱም፣ አረም ሲያርሙም ያዜማሉ። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ለገበያ ቀን ጠላ ይጠምቃሉ። ልጃቸው ዘነቡ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ተማሪዬ። አንድ ግቢ እያደረች እየዋለች ክፍል ውስጥ ስትገባ አታውቀኝም፤ እንደ ዳኛ ቀጥ ብላ ታየኛለች።

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ዕለት ነው። ሰሌዳው ላይ በትልቁ “ኦክስጅን የሌለበት ሕይወት የለም” ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩ። ዘነቡ እጇን አወጣች።

“መምህር፣ ባለፈው እርሾ ሕይወት አለው ብለውን ነበር።”

“አዎ፣ አለው።”

“የእናቴ ጋን አፉ በጭቃ ተመርጎ ይታሸጋል። አየር አይገባበትም። ጠላው ግን ውስጥ ውስጡን ይንተከተካል። እርሾው ታዲያ በምን ይተነፍሳል?”

አላውቅም ነበር። ኮሌጅ ተምሬው አልፌ ይሆናል፤ በዚያች ደቂቃ ግን ራሴ ውስጥ አልነበረም። አፌ ግን እኔን አልጠበቀም።

“ጭቃው ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉት። በእነሱ ይገባል” አልኩ።

“ቀዳዳ ካለውማ ጠላው ይኮመጥጣል ትላለች እናቴ።”

“እናትሽ ባዮሎጂ አልተማሩም” አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዘነቡ ተቀመጠች። እኔም አሸነፍኩ ብዬ ቀዩን እስክሪብቶ አስተካከልኩ። ዛሬም ይህችን ሳስታውስ ጆሮዬ ይግላል።

ቅዳሜ ጠዋት ጉድጓድ ሊከፈት ነው ተባለ። ጉድጓድ ስል የውሃ እንዳይመስላችሁ። በዚያ አገር ማሽላ የሚቀመጠው መሬት ውስጥ ነው። አንገቱ ጠባብ፣ ሰው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ የሚሾልክበት ሆኖ ሆዱ ሰፊ ነው፤ ጥልቀቱ ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል። አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይና በጭቃ ይደፈናል። የአያ ተገኘ ጉድጓድ ዓምና ግማሹ ወጥቶ፣ ግማሹ ማሽላ ለክፉ ቀን ተብሎ እንደገና ተደፍኖ ነበር።

ጉድጓድ የሚከፍቱትም የሚደፍኑትም ጎረቤታቸው አያ ሰይድ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር። የመንደሩን ጉድጓድ ሁሉ ጠባይ በየስሙ ያውቃሉ። ድንጋዩን ፈንቅለው ሲያነሱ ከውስጥ ጎምዛዛ፣ ሞቅ ያለ ሽታ ወጣ። ሁላችንም ወደ ኋላ አልን።

“ይናፈስ” አሉ አያ ሰይድ።

እኩለ ቀን ላይ ኩራዝ አብርተው በገመድ አወረዱ። ኩራዙ ከአንገቱ ሳያልፍ ድርግም አለ። እንደገና አበሩት፤ እንደገና ድርግም።

“ገና ነው። ነገ ነው የሚገባበት” አሉ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ግን ዘነቡ ቆማለች፤ የሐሙሱ ነገር ውስጤን ይኮረኩረኛል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆምኩና ማስተማር ጀመርኩ።

“ለምን እንደጠፋ ታውቃላችሁ? እሳት ኦክስጅን ይፈልጋል! ታች ያለው ማሽላ ራሱ ሕይወት አለው፤ ይተነፍሳል። ነቀዙም ይተነፍሳል። ተደፍኖ ሲቀመጥ ያለውን ኦክስጅን ተንፍሰው ይጨርሱታል፤ በቦታው የተቃጠለ አየር ይሞላል። ከዚያ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። እህሉ ግን…”

“ነቀዙ እንደሚሞትማ እናውቃለን” አሉ አያ ሰይድ። “ለምን ይመስልሃል የምንደፍነው?”

“እሺ፣ ግን ምክንያቱን…” ብዬ ሁለት እጆቼን እንደ ክንፍ ዘረጋሁ። ያን ጊዜ የእትዬ የሺ አውራ ዶሮ ጉድጓዱ አፍ ዳር፣ ከተነሳው ድንጋይ ሥር የቀረች የዓምና ማሽላ እየለቀመ ነበር። ስሙ ቀዮ ነው። እናቱን ድመት በልታበት እትዬ የሺ ከጫጩትነቱ ጀምሮ በጉያቸው ያሳደጉት፣ ከልጅ የማይለዩት ዶሮ ነው። እጄ ሲወናጨፍበት ደነገጠ። ብድግ ብሎ በረረ፣ ደረቴን በክንፉ መታኝ፣ ተመልሶ ወረደ፤ የወረደበት ቦታ ግን መሬት አልነበረም።

ክንፉ ሲንፈራገጥ ከታች ተሰማ። ከዚያ ቀነሰ። ከዚያ ጠፋ።

“ዶሮዬን!” አሉ እትዬ የሺ፣ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው። “ወየው ቀዮዬን! ወየው ልጄን!”

ሁሉም ወደ እኔ አየ። አንድም ሰው ክፉ አልተናገረኝም፤ ያ ነው የባሰው። ዘነቡን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

“እኔ አወጣዋለሁ” አልኩ።

“ወላሂ አትገባም!” አሉ አያ ሰይድ። “ኩራዙን አላየህም? አሁን አንተው አይደለህም እንዴ የነገርከን? የዶሮ ነፍስ ሄደ ብለን የሰው ነፍስ ልንጨምርበት ነው?”

“አልተነፍስማ!” አልኩ። “አየሩ የሚገድለው የተነፈሰውን ነው። እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ፤ መቶ እስኪቆጠር ውሃ ውስጥ እቆያለሁ። ገብቼ፣ አንስቼው፣ መውጣት ነው።”

ይህንን እያልኩ ጫማዬን አውልቄ አንድ እግሬን አስገብቻለሁ። አያ ሰይድ ሊያስቀሩኝ እንደማይችሉ ሲያዩ እየተሳደቡ ገመድ አመጡና ብብቴ ሥር ሁለት ዙር አስረው ቋጠሩት። ያንን ቋጠሮ እስከ ዛሬ እመርቀዋለሁ።

“እሺ፣ ስማኝ። ጉድጓድ የገባ ሰው ይዘፍናል። ከገባ እስኪወጣ አፉ አይዘጋም። ድምፁ ከተቋረጠ ምን ሆንክ ብለን አንጠይቅም፤ እንጎትታለን። የአባቶቻችን ሥርዓት ነው።”

“አያ ሰይድ፣ ትንፋሹን የያዘ ሰው እንዴት ይዘፍናል?”

“ታዲያ በሕይወት መኖርህን በምን ልወቀው?”

መልስ አለኝ፤ እኔ መልስ አጥቼ አላውቅም። “አያ ተገኘ ይቁጠሩልኝ። ልክ ሰማንያ ሲሉ ጎትቱኝ። ብቆይ ብቆይ ከሰማንያ አላልፍም።”

አያ ተገኘ ኮስተር ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አደራ እንደተቀበለ ሰው ነጠላቸውን አስተካከሉ። እኔ ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተነፈስኩ፣ በአራተኛው ደረቴን ሞላሁና ገባሁ።

አንገቱ ትከሻዬን እየፋቀ አሳለፈኝ። ከዚያ እግሬ ማሽላው ላይ አርፎ እስከ ጉልበቴ ሰመጥኩ። ጨለማ ነው፤ ከላይ ከሚገባው ብርሃን በስተቀር የሚታይ የለም። ሞቅ ይላል፤ ፊቴን እርጥብ ጨርቅ የሸፈነው መሰለኝ። ቀዮ ከጉድጓዱ ጥግ በጎኑ ወድቋል፤ አናቱ ላይ ያለው ቀይ ኩክኒው ጠቁሯል። በልቤ እየቆጠርኩ ነው፤ አሥራ ስምንት ላይ ደረስኩበት። ማሽላው እያንሸራተተኝ ሃያ ስድስት ላይ እግሩን ያዝኩት። ሠላሳ አምስት ላይ ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት። ይኼው ነው! ውሃ ውስጥ ከማደርገው የቀለለ ሆኖ አገኘሁት።

አሁን ገመዱን ብነቀንቅ ይጎትቱኝ ነበር። ግን ሰማንያ ብዬ ፎክሬ በአርባ መውጣት አሳፈረኝ። ዘነቡ ከላይ ቆማለች። ሰማንያ እስኪሞላ ልጠብቅ አልኩና ብርሃኑ ሥር ቆሜ ቀና አልኩ። ስልሳ ላይ ደረቴ መምታት ጀመረ። ሰባ ላይ ዓይኔ ፈጠጠ። መቼም አሁን ይጎትቱኛል ብዬ ጆሮዬን ወደ ላይ ቀሰርኩ።

የአያ ተገኘ ድምፅ በዜማ ይሰማል።

“አሥር፣ በአሥርቱ ቃላት ያጽናን። አሥራ አንድ፣ አምላክ ያብዛ። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት በጸሎታቸው ይጠብቁን…”

በአያ ተገኘ ቤት እህል ላይ ባዶ ቁጥር አይቆጠርም፤ በረከቱ ይሸሻል። ማሽላ ሲሰፈር እያንዳንዱ ቁጥር ምርቃት ይከተለዋል፤ ቅዱስ ያለው ቁጥር በቅዱሱ፣ ቅዱስ የሌለው “አምላክ ያብዛ” ተብሎ ይታለፋል። ተከፍቶ ባለ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመው ባዶ ቁጥር ሊቆጥሩ? በፍጹም። እኔ ደግሞ ስድስት ወር ሙሉ ግቢያቸው ስኖር ሲሰፍሩ ሰምቼ “የማያምር ዘፈን” ብዬ ያለፍኩት ሰው ነኝ። በዚህ አካሄድ ሰማንያ የሚሞላው ለማታ እራት ነው።

ሳቄ መጣ። እውነቴን ነው፤ እየታፈንኩ ሳቄ መጣ። ከንፈሬን ነክሼ ሳቄን ዋጥኩ። እጄን ወደ ገመዱ ላክሁ። ያኔ ከላይ የእትዬ የሺ ጭንቅላት ብርሃኑን ጋረደውና ድምፃቸው ቁልቁል መጣ።

“መምህር! ዶሮዬ አለ?”

ጥያቄ ነው። የሰው ጥያቄ ደግሞ ሳልመልስ አላልፍም።

“አለ…” አልኩ።

የያዝኩት አየር ሁሉ ከቃሏ ጋር ወጣ፤ ደረቴ ባዶውን ሊቀመጥ አልፈለገምና የጉድጓዱን አየር ሳበ። ለስላሳ በአፍንጫ ሲወጣ እንደሚወጋው ወጋኝ። አንድ ጊዜ ሳብኩ። ሁለተኛም ሳብኩ። የሚገርማችሁ አየር አጠረኝ አልልም፤ ደረቴ እየሞላ ነው፤ የሞላው ግን የማይጠቅም ነገር ነው። እግሬ የማን እንደሆነ ጠፋኝ። የመጨረሻ ያየሁት ነገር የክፍሌ ሰሌዳ ነው። “ኦክስጅን የሌለበት ሕይወት የለም” ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሯል። ልክ ነው፣ ብዬ ለራሴ መሰከርኩና ወደቅሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝን ነው የምነግራችሁ። አያ ሰይድ “አለ” የሚለውን ሰሙ፤ ቀጥሎ ማሽላው ላይ የወደቀ ነገር ሰሙ፤ ቀጥሎ ምንም አልሰሙም። “ያ ረቢ! ድምፁ ተቋረጠ! ጎትቱ!” ብለው ጮኹ። እሳቸው ከፊት፣ እትዬ የሺና ዘነቡ ከኋላ ሆነው ገመዱን ሳቡ። አንገቱ ጋ ስደርስ ትከሻዬ ተቀረቀረ። ዘነቡ በደረቷ ተኝታ፣ እጇን ሰዳ አንድ ክንዴን ወደ ላይ አወጣችው፤ ያን ጊዜ ሾለክሁ። ቆዳዬ የቀረበት ድንጋይ እዚያው አለ።

አያ ተገኘስ? አያ ተገኘ አልጎተቱም። አደራ አለባቸዋ! እንባቸው እየወረደ ይቆጥራሉ። እህል ላይ የተጀመረ ቆጠራ አይቋረጥም።

ስነቃ መጀመሪያ የተሰማኝ ነፋስ ነው። እትዬ የሺ በሰፌድ ያራግቡኛል፤ ግርዱ እንዲወጣ እንደሚነፋ እህል። ቀጥሎ የሰማሁት የቀዮን ድምፅ ነው፤ ከእኔ ቀድሞ ነቅቶ፣ ሸሚዜን በጥፍሩ ቀዶ ወጥቶ እዚያው አጠገቤ እየተንገዳገደ ይንጫጫል። ሦስተኛ የሰማሁት ይህንን ነው፦

“ሠላሳ፣ አምላክ ያብዛ። ሠላሳ አንድ፣ አምላክ…”

“አንተ ሰውዬ በቃህ! ወጥቷል እኮ!” ብለው እትዬ የሺ የባላቸውን አፍ በእጃቸው ያዙት። ቆጠራው ሠላሳ አንድ ላይ ቆመ።

አስመለሰኝ። ራሴ በመዶሻ የሚመታ ያህል ይወቅረኛል። አያ ሰይድ አጠገቤ ተቀምጠው ላባቸውን እየጠረጉ “አልሃምዱሊላህ” አሉ፤ አምስት ስድስት ጊዜ። ከዚያ ቁጣቸው መጣ።

“ድምፁ ሲቋረጥ ነው የምንጎትተው አልኩህ። አንተ ከመጀመሪያው ድምፅ የለህም። ምን ተቋርጦ ልጎትት? ‘አለ’ ባትል ኖሮ ወላሂ እስከ ሰማንያ እጠብቅህ ነበር!”

“‘አለ’ ስላልኩ እኮ ነው የወደቅሁት” አልኩ በደከመ ድምፅ።

“እሱም እውነት ነው” አሉ። “አፍህ ገደለህ፣ አፍህ አወጣህ። እኔም አልገባኝም።”

ከእኔ ጋር ወጥቶ ከፈሰሰው ማሽላ እፍኝ አንስተው መዳፌ ላይ በተኑልኝ። በነጩ ፍሬ መካከል ጥቋቁር፣ የደረቁ ነቀዞች ነበሩበት። “ይኸ አየር ነቀዙን ሲገድል ነቀዝ ነህ ብሎ ጠይቆ አይደለም። መምህር ነህ ብሎም አይጠይቅም” አሉኝ።

ዘነቡ በቅል ውሃ ይዛ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ጠጣሁ። ቅሉን ስመልስላት ዝቅ ብላ፣ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ፣ “መምህር፣ ያ የጋኑ ቀዳዳ እዚህም በነበረ” አለች።

በሕይወቴ እንደዚያ ተገርፌ አላውቅም። የደነገጥኩት ግን በእሷ አይደለም፤ በራሴ አፍ ነው። መልስ ሊፈጥር ሲከፈት ተሰማኝ። ዘጋሁት። እንደገና ከፈትኩት።

“አላውቅም፣ ዘነቡ” አልኳት። “ያን ዕለትም አላውቅም ነበር። ዋሽቼሻለሁ። እናትሽንም ሰድቤብሻለሁ።”

ቅሉን ተቀብላ ቆመች። “አብሽሩ” አለችና ሄደች።

በማግስቱ ኩራዙ እስከ ታች ወርዶ አልጠፋም። እሑድም ቢሆን ጉድጓድ ተከፍቶ አይቆይም፤ ማሽላው መውጣት አለበት። አያ ሰይድ ገመዱን ይዘው ወደ እኔ መጡ።

“ግባ” አሉኝ።

“እኔ?”

“ዛሬ ካልገባህ ዕድሜህን ሙሉ የመሬት ቀዳዳ ስታይ ትሸሻለህ። ግን ትዘፍናለህ።”

ድምፄ የተሰነጠቀ ሸክላ ነው። የማውቀውም ዘፈን የለም። በአምባሰል ምድር ዘፈን አላውቅም ማለት ደግሞ ነውር ነው። እንደ ምንም የአገሩን ዜማ የመሰለ ነገር ጀምሬ፣ ማሽላውን በቅርጫት እየሞላሁ የራሴን ግጥም ገጠምኩ፦

ኩራዝ ሲመክረኝ፣ ጠፍቶ ሲነግረኝ፣
ምላሴ ጎትቶ ጉድጓድ ከተተኝ።

ከላይ በሳቅ ሲፈርሱ ሰማሁ። ሌላ ግጥም ስላልመጣልኝ ያችኑ አንዷን እስከ ምሳ ሰዓት ደጋገምኳት። ሰኞ ትምህርት ቤት ስደርስ ተማሪው ሁሉ በቃሉ ይዟታል።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ “አላውቅም” ብዬ ጻፍኩና የዘነቡን ጥያቄ ከሥሩ አሰፈርኩት። ጠመኔዬን የተቀበለኝ ሰው የለም። እትዬ የሺን ለምኜ ክፍል መጡ፤ ጋኑ እንዴት እንደሚታጠን፣ እንዴት እንደሚታሸግ፣ አየር የገባበት ጠላ እንዴት እንደሚበላሽ አስረዱን። ከእኔ በላይ ተደመጡ። በሳምንቱ ደሴ ወጥቼ መጽሐፍ አገላበጥኩ። ለካ እርሾ አየር ሲያገኝ ተንፍሶ ይኖራል፤ ሲታሸግበት ደግሞ ያለ ኦክስጅንም መኖር ይችላል። ጣፋጩን ወደሚያሰክረው ይለውጠዋል፤ የሚተፋው አረፋ ማሽላና ነቀዝ ጉድጓድ ውስጥ የሚያጠራቅሙት ያው አየር ነው። ጠላ ውስጥ ሲንተከተክ የምንወደው አየር ጉድጓድ ውስጥ ሊቀብረኝ ነበር። ከሐይቃችን ጭቃ ሥር ደግሞ ኦክስጅን ጭራሽ የሚጠላ ረቂቅ ፍጥረት እንዳለ አነበብኩ። ሁለት ጊዜ ያሰመርኩበት ዓረፍተ ነገር ለእኔና ለቀዮ እንጂ ለሁሉ አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ምን ልማር ብለህ ወይም ብለሽ ከሆነ፣ ጉድጓድ ውስጥ ኩራዝ ከጠፋ አትግቡ። ይህ ለቀልድ አይደለም፤ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ሰው ለማዳን ዘለው ገብተው ቀርተዋል፣ ሁለተኛው አንደኛውን ተከትሎ። ሌላው ስለ እኔ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከዚያ ቀን በፊት አስተማሪ አልነበርኩም፣ መልስ ሻጭ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ በሃያ ዓመት ያህል ውስጥ “አላውቅም” ያልኩባቸውን ጥያቄዎች የምጽፍበት ደብተር ይዣለሁ፤ አሁን አራተኛው ላይ ነኝ። ተማሪዎቼ ደብተሩ ውስጥ ጥያቄያቸውን ለማስገባት ይሽቀዳደማሉ። የመለስኩት ጥቂቱን ነው፤ አንዳንዱን እነሱ አድገው መለሱልኝ።

የአያ ተገኘ ነገር ግን አላለቀም። ከመንደሩ ተዛውሬ ስሄድ ሸኝተውኝ ሲመለሱ፣ እጄን እንደያዙ ኮስተር ብለው “ሠላሳ ሁለት፣ አምላክ ያብዛ” አሉኝ።

“ምንድን ነው፣ አያ ተገኘ?”

“ሰማንያ ድረስ ቁጠር አላልከኝም? ሴትዮዋ አቋረጠችኝ እንጂ አልጨረስኩም። እህል ላይ የተጀመረ ቆጠራ ሳያልቅ ሰው ቢሄድ ጥሩ አይደለም። እኔ እስክጨርስ አንተም በሕይወት ቆይ።”

ከዚያ ወዲህ በተገናኘን ቁጥር፣ ውጫሌ ገበያም ይሁን ሐይቅ መናኸሪያ፣ ሰላምታቸው ቁጥር ሆነ። “ሠላሳ ሦስት፣ በሠላሳ ሦስቱ የእመቤታችን በዓላት ይዤሃለሁ!” በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ብንገናኝ ሁለተኛውን አይቆጥሩም፤ ዕድሜህን አላባክንም ይላሉ። ሃምሳ ስድስት ያሉኝ አልጋ ላይ ሆነው ነው። ድምፃቸው አይወጣም ነበር፤ ከከንፈራቸው አነበብኩት። ቀብራቸው ላይ አያ ሰይድ ከጎኔ ቆመው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ስለ እሳቸው ብቻ ነው ብል ግን መዋሸት ይሆናል። ከእንግዲህ የሚቆጥርልኝ የለም ብዬም ነው ያለቀስኩት።

በአርባኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። ዘነቡ ናት። አሁን የሦስት ልጆች እናት ሆና፣ በእናቷ ጋን ጠላ እየጠመቀች እዚያው መንደር ትኖራለች።

“መምህር፣ እንዴት ዋሉ?” አለች። ከዚያ በአባቷ ዜማ ጀመረች። “ሃምሳ ሰባት፣ አምላክ ያብዛ።”

መልስ መስጠት አቃተኝ፤ እኔ፣ ጉድጓድ ውስጥ እንኳ መልስ ያላጣሁት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ተነፈስኩ።

“መምህር? አሉ?”

“አለሁ” አልኳት።

በየዓመቱ በጉድጓድ መክፈቻ ሰሞን ትደውላለች። ዘንድሮ ስልሳ አንድ ብላኛለች። ሰማንያ ስንደርስ ምን እንደምንሆን አላውቅም።